ጎርባቾቭ በሁለት ካሜራ ፊት፦ አንዱ አቀፈው፣ ሌላው ወተወተው

የፊልም_ሰው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ስለ መጨረሻው የሶቪየት ኅብረት መሪ ሚኻኤል ጎርባቾቭ የተሠሩ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞችን አከታትዬ አየሁ። ውስጤ የቀረውን ልጻፈውና የምታውቁ አክሉበት። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምራለሁ።)

የመጀመሪያው ጀርመናዊው ቨርነር ሄርዞግ ከአንድሬ ሲንገር ጋር በ2018 ያወጣው ነው። ሄርዞግ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጦ አነጋግሮታል። ሁለተኛው የቪታሊ ማንስኪ ሥራ ነው፣ የ2020። ማንስኪ ሊቪቭ ተወልዶ ሩሲያ ውስጥ ለዓመታት ከሠራ በኋላ አገሩን ለቆ ላትቪያ የገባ ሰው ነው።

ሁለቱም ያገኙት ያንኑ የደከመ ሽማግሌ ነው። ጉልበቱ ከድቶታል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ሚስቱ ራይሳ በ1999 ጀርመን ሆስፒታል ውስጥ በደም ካንሰር ከሞተችበት ጀምሮ ቤቱ ባዶ ነው። አእምሮው ግን አለ። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ያዘጋጃል፤ ዓይኑ ላይ ታዩታላችሁ።

ሄርዞግ ወሬውን የሚጀምረው «እኔ ጀርመናዊ ነኝ፤ በሕይወትህ መጀመሪያ ያገኘኸው ጀርመናዊ ሊገድልህ ሳይፈልግ አልቀረም» በሚል ዓይነት ነው። ጎርባቾቭ የተወለደው በ1931 ስታቭሮፖል አውራጃ፣ ፕሪቮልኖዬ የምትባል መንደር ነው፤ ናዚዎች መንደሩን ሲይዙ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ግምቱ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እሱ ግን ሌላ ነገር ያነሳል። ከጦርነቱ በፊት በሰፈሩ አካባቢ ጀርመኖች ይኖሩ ነበር፣ ብስኩት ይጋግሩ ነበር፤ እንዲህ የሚጥም ነገር የሚሠራ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም ብሎ ማሰቡን ይነግረዋል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሄርዞግ ጠያቂ መሆኑ ቀረ፤ ወዳጅ ሆነ። ፍቅሩንም አይደብቅም፣ ጀርመን በ1990 ያለ ጥይት የተዋሃደችው በዚህ ሰው ፈቃድ መሆኑን ደጋግሞ ያነሳል።

ፊልሙ ግን ጥሩ ነው፣ ይህን አልክድም። ከእሱ በፊት የነበሩት ሦስት የሶቪየት መሪዎች ቀብር ክፍል ብቻውን ትምህርት ቤት ነው። ብሬዥኔቭ ኅዳር 1982፣ አንድሮፖቭ የካቲት 1984፣ ቸርኔንኮ መጋቢት 1985፤ ያው ቀይ አደባባይ፣ ያው የሐዘን ማርሽ፣ ያው ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች በሰልፍ። አገሪቱ ለምን የ54 ዓመት ሰው መረጠች ብሎ ማብራራት አላስፈለገም፤ አሳየን። የኦስትሪያው የዜና ቅጂም አለ፦ በ1989 ሃንጋሪ የድንበር አጥሯን መቁረጥ ስትጀምር ቴሌቪዥኑ ቅድሚያ የሰጠው የጓሮ አትክልት ለሚበላ ቀንድ አውጣ ነበር።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ በመቃብር ድንጋይህ ላይ ምን ይጻፍ ሲባል «ሞክረን ነበር» የሚለውን ቃል ከአንድ ወዳጁ መቃብር ያነሳል። ልብ ይነካል። ግን አገር የመራ ሰው ሊዘላቸው የሚፈልጋቸው ቀኖች አሉት፤ ጠያቂ የሚያስፈልገው ለእነዚያ ነው። ጆርጂያ፣ ትብሊሲ ሚያዝያ 9 ቀን 1989 ወታደር ሰልፈኛ ላይ ሲወጣ ማን አዘዘ? አዘርባጃን፣ ባኩ ጥር 1990 ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት? ሊትዌኒያ፣ ቪልኒየስ ጥር 13 ቀን 1991 የቴሌቪዥን ጣቢያው ማማ ሥር 14 ሰው ሲሞት? በሦስቱም ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበረው እሱ ነው። ሄርዞግ በዚህ መንገድ ጠበቅ አላደረገም።

ማንስኪ ግን ይወተውታል። ስለ ነፃነት፣ ስለ ኃላፊነት፣ ከእሱ በኋላ ስለመጣው መንግሥት ይጠይቀዋል፤ ሽማግሌው ይሸሻል፣ ግጥም ይወጣል፣ እናቱ የዘፈነችለትን የዩክሬን ዘፈን ያንጎራጉራል። ካሜራው ሽሽቱን ራሱን ይቀርጻል። ለእኔ ከመልስ በላይ ተናጋሪ የሆነው እሱ ነው።

እናንተስ?

---

ኪዬቭ_78፦

ወንድሜ የፊልም_ሰው፣ ስለጻፍከው አመሰግናለሁ። እኔ ፊልሙን ያየሁት አንዱን ብቻ ነው፣ የሄርዞግን። ሰውየውን ግን ኖሬበታለሁ።

በ1978 ዓ.ም. ኪዬቭ ተማሪ ነበርኩ። ቼርኖቢል ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ሲፈነዳ ከከተማችን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚርቀው። መንግሥት አጭር መግለጫ ያነበበው በሁለት ቀኑ ማታ ነው፣ አደጋ ደርሷል፣ እርምጃ እየተወሰደ ነው፣ በቃ። ሜይ ዴይ ሲሆን ዋናው ጎዳና ክሬሽቻቲክ ላይ ሰልፍ ተወጣ፤ ልጆች አበባ ይዘው፣ ፀሐይ ወጥታ። እኛ የውጭ ተማሪዎች ከውጭ ሬዲዮ ሰምተን ስለነበር ከሰልፉ የቀረን ነበርን፣ የሄዱም ነበሩ። ከዚያ ቦቴ መኪኖች መንገዱን ጧት ማታ ማጠብ ጀመሩ። የዶርሚተሪያችን ዘበኛ ሴትዮ በየበሩ እርጥብ ጨርቅ አነጠፈች፤ «ጫማችሁን ጥረጉ ልጆቼ» ከማለት በስተቀር ምክንያቱን አትናገርም፣ ምናልባትም አልነገሯትም። ወተት መጠጣት አቆምን። ግንቦት አጋማሽ ላይ የከተማዋን ተማሪ ሕፃናት ጭነው ሲያወጧቸው ነው ነገሩ የገባን።

ጎርባቾቭ በቴሌቪዥን የወጣው ግንቦት 14 ነው። ከፍንዳታው 18 ቀን በኋላ።

ይህን ሳስታውስ ፊልሙ ውስጥ እንደዚያ ሲከበር ማየት ይከብደኛል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፦ ግላስኖስት (በግልጽ የመናገርና የመጻፍ ፖሊሲው) እውነተኛ ጉልበት ያገኘው ከቼርኖቢል በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የማይጻፍ ነገር በጋዜጣ መውጣት ጀመረ፣ ሰው አውቶቡስ ላይ ሳይፈራ ማውራት ጀመረ። መምህሮቻችን የማርክሲዝም ትምህርት ሰዓት ላይ ስለ ስታሊን እስር ቤቶች ሲናገሩ ሰማሁ። የእሱ የራሱ ሁለቱም አያቶቹ በስታሊን ዘመን ታስረዋል፤ ይህን ያኔ አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ይዤዋለሁ። የ18 ቀኑ ዝምታም የእሱ ነው፣ ዝምታው መሰበሩም የእሱ ነው።

---

የሠራዊቱ_ልጅ፦

የተከበራችሁ፣ ስለ ቪልኒየስ 14 ሰው ታነሳላችሁ፤ ስለኛስ? አባቴ ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ውስጥ ነበር፣ ኤርትራ። ቤታችን ውስጥ የዚህ ሰው ስም ሲነሳ አባቴ «ከዳተኛ» ብቻ ነበር የሚለው። በ1978 የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ፈርመን፣ ባንዲራችንን አጠገባቸው ሰቅለን፣ አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት አቁመን፤ በክፉ ቀን ጥለውን ሄዱ። ምዕራቡ የሰላም ኖቤል ሲሰጠው (1990) የኛ ወታደር ጥይትም ስንቅም አልነበረውም። የትኛው ፊልም ነው ይህን የጠየቀው? አንዱም።

---

የፊልም_ሰው፦

ወንድሜ፣ የአባትህ ቁስል ይገባኛል፣ ያንተም ጥያቄ ትክክል ነው። ሁለቱም ፊልሞች አፍሪካ የለችባቸውም። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ኢትዮጵያ ከሞስኮ ጋር የኖርነው ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተነሳም። ትልቅ ጉድለት ነው።

«በክፉ ቀን ጥለውን ሄዱ» ያልከው ላይ ግን ቀኖቹን እንይ። ጎርባቾቭ ሥልጣን የያዘው መጋቢት 1985 ነው። ኤርትራ ውስጥ ሠራዊታችን የነበረባት አፍአበት የወደቀችው መጋቢት 1988 (1980 ዓ.ም.) ነው፤ ያኔ መሣሪያው ሞልቶ ነበር፣ ሦስት የሶቪየት መኮንኖችም እዚያው ተማርከዋል። እዚያ የጎደለው ጥይት አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ መንግሥቱ ሞስኮ ሄዶ ጎርባቾቭን አግኝቶታል፤ የተነገረው ጦርነቱን በፖለቲካ ፍታው፣ ኢኮኖሚህን አስተካክል ነው። መሣሪያው ከዚያም በኋላ ወዲያው አልተቋረጠም። ቅይጥ ኢኮኖሚ የታወጀው መጋቢት 1990 ነው፣ ምጽዋ ከወደቀች በኋላ። ምክሩ በተሰጠ ጊዜ ተሰምቶ ቢሆን ስንት ልጅ በሕይወት ይተርፍ ነበር ብዬ እንቅልፍ የማጣበት ጉዳይ ነው።

ይህ ሞስኮን ነፃ አያወጣትም። ከ1977 ጀምሮ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር መሣሪያ ያፈሰሱት እነሱ ናቸው። ጎርባቾቭን ብጠይቀው የምጠይቀው «ለምን አቆምክ» ብዬ ሳይሆን «ለምን ይህን ያህል ዘገየህ» ብዬ ነበር።

---

ዳዊት_ሙኒክ፦

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፣ እዚህ ሰውየው እንደ ቅዱስ ነው የሚታየው። በተለይ ምሥራቅ ያደጉ ጎረቤቶቼ በ1989 መገባደጃ ላይ ታንኮቹ ከጦር ሰፈር አለመውጣታቸውን የሚያወሩት ዛሬም ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ የሶቪየት ወታደር ነበር። ቡዳፔስት 1956፣ ፕራግ 1968 የሶቪየት ታንክ ሕዝብ ላይ ሲወጣ የሆነውን ያውቃሉ። ስለዚህ ሄርዞግ ላይ አትፍረዱበት፣ ጀርመናዊ ሆኖ ይህን ሰው በጠላት ዓይን ማየት አይችልም።

አንድ ጥያቄ ግን፦ ኔቶ ወደ ምሥራቅ አንድ ኢንች አይሄድም ተብሎ ቃል ተገብቶለት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

---

የፊልም_ሰው፦

ዳዊት፣ የያኔው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር (ሄርዞግ ፊልም ውስጥም አለ) የካቲት 9 ቀን 1990 ሞስኮ ላይ «አንድ ኢንች» የሚለውን ተናግሯል፣ በጀርመን ጉዳይ ሲነጋገሩ። በጽሑፍ የገባ ነገር የለም። ራሱ ጎርባቾቭ በ2014 ሲጠየቅ፣ በዚያን ጊዜ የኔቶ መስፋፋት አልተነሳም ብሏል፤ በዚያው ቃለ ምልልስ ኋላ የሆነው መስፋፋት ግን ያኔ የተሰጠውን ማረጋገጫ መንፈስ የጣሰ ነው ብሏል። ሰዎች ከሁለቱ የሚመቻቸውን ግማሽ ብቻ ነው ይዘው የሚሮጡት።

በዚያው 2014 ክሪሚያ ወደ ሩሲያ መጠቃለሏን ደግፏል፤ ዩክሬን በ2016 ለአምስት ዓመት እንዳይገባ ከልክላዋለች። እናቱ ከዩክሬን ቤተሰብ ነች። ማንስኪ ፊልም ውስጥ ያንን ዘፈን ሲያንጎራጉር ይህን እያሰባችሁ እዩት።

---

እመቤት_ኔታንያ፦

ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ ከሌላ ጎን ላምጣው።

ቤተሰቤ ወደ እስራኤል የመጣው ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን በተጓጓዙበት በዘመቻ ሰሎሞን ነው፣ ግንቦት 1991፤ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ። መርካዝ ክሊጣ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) ስንገባ ግቢው በሩሲያኛ ተናጋሪ ተሞልቶ ነበር። ከሶቪየት ኅብረት በ1990 ብቻ ከ180 ሺህ በላይ ሰው ነበር የገባው። በራችን ፊት ለፊት ከኦዴሳ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፣ እሱ መሐንዲስ፣ እሷ የፒያኖ አስተማሪ፤ እዚህ መጥተው እሱ መንገድ ጠራጊ ሆነ። እናቴ እንጀራ ስትሰጣት ሴትዮዋ በማንኪያ በላችው፤ ቋንቋ የለም፣ በእጅ ነው የሚግባቡት።

እያደግን ስንመጣ ሴትዮዋን ስለ ጎርባቾቭ ጠየቅኳት። ያለችኝን እንደማስታውሰው ነው የምጽፈው፦ ለእሷ እሱ በር የከፈተ ሰው ነው። ወንድሟ ለመውጣት ማመልከቻ ካስገባበት ቀን ጀምሮ ከሥራ ተባሮ ዓመታት ቆይቷል። ለመውጣት መብት በመታገሉ የታሰረው አይሁዳዊ ናታን ሻራንስኪ የካቲት 1986 ሲፈታ ቤታቸው ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። በሩ ሲከፈት ግን አገሯም አብሮ ፈረሰ፣ የቆጠበችው ብር ወረቀት ሆነ። «አመሰግነዋለሁ፣ ይቅርም አልለውም» አለችኝ፣ ሻይ እየቀዳች፣ እንደ ተራ ነገር።

የኛም በር የተከፈተው በዚያው ሰሞን ነው። መንግሥቱ ከሞስኮ ተስፋ ሲቆርጥ በ1989 መጨረሻ ከእስራኤል ጋር ግንኙነቱን መልሶ ቀጠለ፤ የኛ መውጣት ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሞስኮ ውስጥ የተወሰነው ነገር ኔታንያ ውስጥ እኔንና የኦዴሳዋን ሴት በአንድ ደረጃ ላይ አገናኘን። ይህን የሚያሳይ ፊልም እፈልጋለሁ።

---

ሊያ_አዲስ፦

ይቅርታ እኔ ከሁላችሁም አንሳለሁ። ጋሼ ኪዬቭ_78፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ይህን ሰውዬ መጀመሪያ ያየሁት በዩቲዩብ የፒዛ ማስታወቂያ ላይ ነው። የዓለም ግማሽ መሪ የነበረ ሰው እንዴት እዚያ ይደርሳል? ሩሲያኖችስ ለምን ይጠሉታል? እዚህ የተጻፈውን ሳነብ የሚጠላ ሰው አይመስልም።

---

ኪዬቭ_78፦

ልጄ ሊያ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ማስታወቂያው የ1997 ነው፣ ከልጅ ልጁ ጋር። ፋውንዴሽኑ ገንዘብ አጥሮት ነበር። አስቢው፣ በ1996 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ያገኘው ድምፅ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ሌላው መሪ በነዳጅ ዘይትና በሕንፃ ሲከብር እሱ ለሥራው ገንዘብ የለመነው በአደባባይ ነው። እኔ አላፍርበትም። ከኖቤል ሽልማቱ ገንዘብ መንግሥትን ይተች ለነበረው የሩሲያ ጋዜጣ ለኖቫያ ጋዜጣ ኮምፒውተር ተገዝቷል፤ ያ ጋዜጣ ኋላ ላይ የስንት ጋዜጠኛ ሕይወት እንደተከፈለበት ታውቂያለሽ።

ለምን ይጠሉታል? በልኩ ካልኩሽ፣ በሱቅ በኩል ነው የጠሉት። ገና ሲመጣ በ1985 ግንቦት መጠጥ ላይ ዘመቻ ከፈተ። መጠጥ ቤቶች ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት አይሸጡም ተባለ፤ በሞልዶቫና በክሪሚያ የወይን ማሳ ተነቀለ። ሰው ቤቱ ውስጥ አረቄ ማውጣት ጀመረና ስኳር ከገበያ ጠፋ። እኔ ልመረቅ ስል ስኳር በኩፖን ሆኖ ነበር። በጥር 1991 ደግሞ 50 እና 100 ሩብል ኖቶች በሦስት ቀን ውስጥ ቀይሩ ተባለ። ጡረተኞች ባንክ በር ላይ በብርድ ተሰልፈው ያደሩትን ከተመራቂ ጓደኞቼ ሰምቻለሁ። ሚያዝያ ላይ ዋጋው ሁሉ ሰማይ ወጣ። ነሐሴ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፣ እሱ ክሪሚያ ውስጥ ፎሮስ ላይ ታግቶ ቴሌቪዥኑ «የስዋን ሐይቅ» የባሌት ዳንስ ያሳይ ነበር። ታኅሣሥ 25 ሥልጣኑን ለቀቀ፣ አገሩም አብሮት ሄደ።

አንድ ሰው ነፃነት ሰጠህ ብትዪው «ነፃነት ይበላል?» ይልሻል፤ መልስ የለሽም። ነገር ግን ሊያ፣ የሄርዞግ ፊልም ላይ ቀለል ብሎ ያለፈ አንድ ነገር አለ። ይህ ሰው የኑክሌሩ ቁልፍ ገና በእጁ እያለ ወንበሩን በፊርማ ለቆ ቤቱ ገባ። አገሩን ጥሎ አልወጣም። ነሐሴ 30 ቀን 2022 በ91 ዓመቱ እዚያው ሞስኮ ሞተ፣ ኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ከራይሳ አጠገብ ተቀበረ። ፑቲን ሆስፒታል ሄዶ አበባ አኖረ፣ ቀብሩ ላይ ግን አልተገኘም። ሕዝቡ ተሰልፎ ተሰናብቶታል።

---

የሠራዊቱ_ልጅ፦

ጋሼ፣ «አገሩን ጥሎ አልወጣም» ያሉት ቃል ላይ ቆምኩ።

የፊልም_ሰው ስለ አፍአበት ያነሳውን ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ቀኑ ትክክል ነው» አለኝ። ጎርባቾቭን ግን ይቅር አላለውም፣ እኔም አላስገድደውም።

አንድ ሐሳብ ግን መጣልኝ። እንዲህ ያለ ፊልም በመንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ ለምን አልተሠራም? መጽሐፍ ጽፏል፣ ለቃለ ምልልስ ተቀምጧል፣ ግን ማንም ማንስኪ በወተወተበት መንገድ ወጥሮ አልያዘውም። ሐራሬ ላይ ነው ያለው፣ ዕድሜው እየሄደ ነው።

---

እመቤት_ኔታንያ፦

የተፈረደበት ሰው ነው እኮ። በ1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ፣ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት፣ በዘር ማጥፋት። ወንበር ሰጥቶ መብራት አብርቶ ማነጋገር ለቀይ ሽብር እናቶች ምን ይሆናል? እኔ እፈራለሁ። ሽማግሌ ሲሆኑ ካሜራ ያሳዝናቸዋል። ሄርዞግ ላይ የሆነው እሱ ነው።

---

የፊልም_ሰው፦

እመቤት ሥጋትሽ ልክ ነው፣ ለዚህም ነው ማንን አስቀምጠን እናስጠይቀው የሚለው ከሁሉ የሚቀድመው። ጠያቂው ቀኑን፣ ሰነዱን፣ የሟቾቹን ስም ይዞ የሚገባ መሆን አለበት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለተረሸኑት ስድሳ ባለሥልጣናት፣ ስለ ንጉሡ አሟሟት፣ በ1982 ዓ.ም. ስለተረሸኑት 12 ጄኔራሎች። ሲሸሽ ሽሽቱ ይቀረጽ፣ አይቆረጥ። ስለ ውጭ አገር ሴራ ሊያወራ ሲጀምር በትዕግሥት ሰምቶ ወደ ጥያቄው የሚመልሰው ሰው ይገባበት። ሐዘን ላይ የተቀመጡት ቤተሰቦችም በዚያው ፊልም ውስጥ ይናገሩ፣ ከእሱ እኩል ሰዓት ይሰጣቸው። እንደዚያ ከሆነ እደግፋለሁ። አለበለዚያ አይሠራ።

የሠራዊቱ_ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ብትፈቀድልህ ምን ትጠይቀው ነበር?

---

የሠራዊቱ_ልጅ፦

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲወጣ አሥመራ ግንባር ላይ ለነበረው ሠራዊት ምን ትእዛዝ ትቶ እንደነበር። አሥመራ በሦስት ቀኗ ነው የተያዘችው። አባቴ በሱዳን በረሃ በእግሩ ነው የወጣው፤ መሪው መሄዱን የሰማው ገዳሪፍ ከገባ በኋላ ነው።